ሚኪ ሌላንድ ማን ነበር? የኤርፖርቱና የሃያ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?

የሌሊት ሽፍት፦

ሰላም ወገኖች። ሂውስተን ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ኢንተርኮንቲኔንታል ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ማታ ነው የምገባው። እዚያ ዓለም አቀፍ በረራ የሚስተናገድበት ክፍል በአንድ ሰው ስም ነው የሚጠራው፦ ሚኪ ሌላንድ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ክው ብዬ ቆምኩ። ያደግኩት ኡራኤል አካባቢ ነው። ከሃያ ሁለት ወደ አትላስ የሚወስደው መንገድ ሚኪ ሌላንድ ይባላል አይደል እንዴ?

አሁን ደግሞ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ የቴክሳስ ታሪክ ይማራል። ስለ አንድ የሂውስተን ሰው ጽፈህ አምጣ ተብሏል። እኔም ያንን ስም ነገርኩት። «ማሚ፣ ኮንግረስማን ነው ይላል፣ ቦሪንግ ነው» አለኝ። እኔም ኮንግረስማን ከመሆኑ ሌላ የማውቀው የለኝም። አንድ የአሜሪካ ፖለቲከኛ እንዴት ሆኖ ነው እኛ ሰፈር ድረስ ስሙ የመጣው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እንደ ሰው አውሩኝ። ዊኪፔዲያውንማ ልጁ ራሱ ያነበዋል።

የአትላስ ልጅ፦

ሃሃ፣ እኔ እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ ሚኪ ማለት ሚካኤል የሚባል የሰፈራችን ሀብታም መስሎኝ ነበር። መሬት የሰጠ ምናምን። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ላይ ማን በመንገድ ስም ይጠራል? «አትላስ ጋ ወራጅ አለ» ነው እንጂ። ፈረንጅ መሆኑን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ፈረንጅ ስል ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ጡረተኛው ባለታክሲ፦

እህቴ፣ አንድ ሰው ነው። ያ የምትሠሪበት ኤርፖርት ደጃፍ ላይ 27 ዓመት ታክሲ ይዤ ተሰልፌያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ልጁ እንዳይምታታበት።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ነው። ሚኪ የቁልምጫ ስሙ ናት። የተወለደው በ1944 በምዕራብ ቴክሳስ ላቦክ የምትባል ከተማ ነው፤ ያደገው ግን እዚሁ ሂውስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ። ፊፍዝ ዋርድን አሁን እያደሱት ነው። እኔ ስመጣ ግን «ማታ እዚያ ሰው አትጫን» የሚባልበት ሰፈር ነበር። እኔማ እጭን ነበር። አባቱ ጥሏቸው ሄዷል። እናቱ እየሠራች፣ እየተማረች አስተማሪ የሆነች ሴት ናት። ፊሊስ ዊትሊ የሚባለው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ነው የተማረው። የኮንግረስ አባል የነበረችው ባርባራ ጆርዳንም የወጣችው ከዚያው ትምህርት ቤት ነው። እሷን ልጅሽ በክፍል ውስጥ ይማራታል፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን ይነሣ አይነሣ ሲባል የተናገረችው ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

እንግዲህ ልጅሽን «ቦሪንግ» ከማለት የሚያድነው ይሄ ነው፦ ሰውየው የሕግ ሰው አልነበረም። ፋርማሲስት ነው። በ1970 እዚሁ ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመረቀ፣ ትንሽም አስተማረ። ተማሪዎች ይዞ ፊፍዝ ዋርድ ውስጥ በር ለበር እየዞረ ሰዎች ጤናቸውን እንዲመረመሩ ያደርግ ነበር። ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው ቤት ድረስ መሄድ ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው፣ የቀረው ሥራው ሁሉ ከዚህች በር ማንኳኳት የወጣ ነው ብዬ ነው። ወረቀት ላይ ያለውን አያምንም። ሄዶ ያያል።

በ1972 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳደረ። ያን ዓመት አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ከዚያ በፊት የሂውስተን ተወካዮች የሚመረጡት ሰፊ አካባቢ በጅምላ ድምፅ ሰጥቶ ነው። ስለዚህ የጥቁር ሰፈር ድምፅ በብዙኃኑ ውስጥ ይሰምጣል። በ1972 ግን እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሰው እንዲመርጥ ካውንቲው ተከፋፈለ። ሚኪም በ27 ዓመቱ ገባ። ምክር ቤቱ ያለበት ኦስቲን የገባው ጸጉሩን አፍሮ አድርጎ፣ ዳሺኪ የሚባል የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሎ ነው። እነዚያ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ ሽማግሌዎች ሲያዩት ምን እንዳሉ አስቢው! እዚያም የያዘው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ድሃው በውድ ብራንድ ፈንታ ርካሹን ጄኔሪክ መድኃኒት ማግኘት አለበት ብሎ ታገለ። አሁን ፋርማሲ ሄደሽ «ጄኔሪኩን ልስጥሽ?» ሲሉሽ፣ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ የሱም እጅ አለበት።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ለሦስት ሳምንት ብሎ ታንዛኒያ ሄዶ ሦስት ወር ቆየ። እዚህ ያሉት ሞቷል ብለው ነበር። አፍሪካ ያኔ ነው የያዘችው።

ባርባራ ጆርዳን ኮንግረስ በቃኝ ስትል፣ በ1978 ቦታዋን ለመያዝ ተወዳደረና አሸነፈ። 18ኛ ዲስትሪክት፣ የምርጫ ወረዳ ማለት ነው። አንድ ነገር በጣም እወድለታለሁ። የምርጫ መብት ሕጉ ሲታደስ፣ በስፓኒሽ የሚዘጋጀው የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቅር የሚሉ ነበሩ። እሱ ተነሥቶ ምክር ቤቱ ውስጥ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። ግራ ገባቸው። እንግሊዝኛ ለማይችል ዜጋ የምታደርጉት ይሄንን ነው፣ ማለቱ ነው። ጥቁር ሆኖ፣ ስለ ሜክሲኮዎቹ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። በ1984፣ በ77ቱ ድርቅ ዋዜማ ማለት ነው፣ ሚኪ ከኒውዮርኩ ሪፐብሊካን ቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆኖ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ አስቋቋመ፣ ሊቀ መንበሩም ሆነ። ይሄ ኮሚቴ ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። ሥራው ሰው ጠርቶ መስማት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ተመልሶ መጮኽ ነው። በር ማንኳኳት አላልኩሽም? ጥርስ የሌለው ኮሚቴ ነው ብለው የሳቁበት ነበሩ። በ1985 ግን ኮንግረሱ ለአፍሪካ ድርቅ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሕግ ሲያወጣ ከፊት ሆነው ከገፉት አንዱ እሱ ነበር። በዚያው ላይ የጥቁር ኮንግረስ አባላት ስብስብ ሊቀ መንበር ሆነ።

ሱዳን ውስጥ የስደተኛ ካምፕ ሲጎበኝ ያጋጠመውን ብዙ ጊዜ ያወራ ነበር። አንዲት ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ይሆናታል፣ ቆዳና አጥንት ሆናለች። ዘወር ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊያናግር ሲል ሞተች። ፊቷን በየቀኑ አየዋለሁ ይል ነበር። እኔ ሱዳንን አውቀዋለሁ። ከጎንደር በእግሬ ወጥቼ፣ ገዳሪፍ ከርሜ ነው እዚህ የመጣሁት። ስለዚህ ይሄን ሲያወራ በቲቪ ሳየው ቲቪውን አጠፋሁት። አልቻልኩም።

እዚህ ሰፈሩ ውስጥ የሚያጉረመርሙም ነበሩ። «ፊፍዝ ዋርድ እያለ ኢትዮጵያ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ዝም አላላቸውም። የዚህች አገር ዜጋ የሆንኩትን ያህል የዓለምም ዜጋ ነኝ፣ የሰው ሕይወት ለማትረፍ የማደርገውን የሚነቅፉ ገደል ይግቡ፣ የሚል መልስ ነው የሰጣቸው። አነጋገሩን ለልጅሽ ትንሽ አለስልሺለት።

እንግዲህ ኦገስት 7 ቀን 1989። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጋምቤላ ውስጥ ፉኝዶ የሚባል የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ሊሄድ ነው። እዚያ ካምፕ ውስጥ ከጦርነቱ በእግራቸው ያመለጡ፣ ወላጅ አብሯቸው የሌለ ሕፃናት በብዛት ነበሩ። አውሮፕላኑ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን። አሥራ ስድስት ሰው ጭኖ ነበር፤ ከሚኪ ጋር ዘጠኝ አሜሪካውያንና ሰባት ኢትዮጵያውያን። አልደረሰም።

ስድስት ቀን ተፈለገ። ያኔ አሜሪካና ደርግ በአምባሳደር ደረጃ እንኳ አይገናኙም ነበር። ግን መንግሥቱ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ገብተው እንዲፈልጉ ፈቀደ። አስቢው፤ ግንቦት ላይ የገዛ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረውበት ገና ሦስት ወሩ ነው።

ያን ሳምንት እኔ ታክሲ ላይ ነበርኩ። አንዲት ትልቅ ሴት ከዳውንታውን ጫንኩ፣ ወደ ፊፍዝ ዋርድ። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አድርገዋል። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከኋላ ወንበር ወደፊት ሳብ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጃችን እናንተ አገር ጠፍቶብናል» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ተራራ ይበዛዋል? ሰው የሚኖርበት ነው? አንድ ሰው አግኝቶት ሊሆን ይችላል?» ምን ልበላቸው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ጋምቤላን በካርታ እንኳ በቅጡ አላውቀውም። «እናቴ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ካገኙት ያበሉታል» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ግን እውቀትም አልነበረም። የቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ሒሳቡን አልቀበልም ብል ተቆጡኝና ወንበሩ ላይ ጥለውት ወረዱ።

ኦገስት 13 ስብርባሪው ተራራ ጥግ ላይ ተገኘ። የተረፈ የለም። 44 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ አሊሰን አንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ይዛ፣ ነፍሰ ጡር ነበረች። በጥር 1990 መንታ ወንዶች ወለደች።

በዚያው በ1990 ኤርፖርቱ ላይ አዲሱ የዓለም አቀፍ በረራ ሕንፃ ሲከፈት በሱ ስም ተሰየመ። ዳውንታውን ስሚዝ ጎዳና ላይም በስሙ የሚጠራ የፌዴራል ሕንፃ አለ። የዜግነት ፈተናዬን አልፌ የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት በዚሁ 18ኛ ዲስትሪክት ነው። ሚኪን ራሱን ለመምረጥ ግን አልደረስኩም።

ነቃሽ፦

ጋሼ ክብር ይስጥልኝ፣ አጻጻፍዎ ይጥማል። ግን ትንሽ ጨው ልጨምርበት። ያ እርዳታ ዘግይቶ ነው የመጣው። የሬገን መንግሥት ደርግን ስለጠላ በመጀመሪያ እህሉን ሲያንጠባጥብ ነበር፤ ሰው በቲቪ ካየ በኋላ ነው «የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም» ያሉት። ሚኪ ሌላንድም ቢሆን አዲስ አበባ እየመጣ ከመንግሥቱ ጋር ይጨባበጥ ነበር። ካስትሮም ወዳጁ ነበር። ያኔ እስር ቤት ያሉ ወንድሞቻችን ይሄን ሲያዩ ምን ይሰማቸዋል?

ጡረተኛው ባለታክሲ፦

ነቃሽ፣ ያልከው ትክክል ነው፤ አልከራከርህም። የኔም ታላቅ ወንድም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ግን እህሉ ዘገየ ብለህ የምትወቅሰው መንግሥት ላይ ሲጮኽ የነበረው ማን ነው? እሱ ነው። አዎ፣ ሁሉንም ያነጋግር ነበር። ካስትሮንም፣ የሮማውን ጳጳስም፣ መንግሥቱንም። እህሉ የሚያልፈው በማን በር ነው? ያንን በር ነው የሚያንኳኳው። እኔ ብሆን መንግሥቱን አልጨብጠውም ነበር። እኔ ብሆን ደግሞ አንድ ኩንታል አላስገባም ነበር።

ነቃሽ፦

እሺ፣ ይቺን ተቀብያለሁ። ግማሿን።

ባሮ ማዶ፦

ከጋምቤላ ነኝ፣ አሁን ሚኒሶታ ነው የምኖረው። ጋሼ ለእናትየዋ መመለስ ያልቻሉትን እኔ ልመልስ። ጋምቤላ ከተማውና ፉኝዶ ሜዳ ናቸው፣ ቆላ፣ ሙቀት። ተራራው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጣ የወለጋንና የኢሉባቦርን ደጋ አቋርጠህ፣ ከዚያ መሬቱ በአንዴ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ያ ዳገት ደመና ለብሶ ነው የሚውለው። ከታች ቆመህ ብታይ ጫፉ አይታይም። ትንሽ አውሮፕላን በዓይን እየተመራ ሲሄድ በጣም ከባድ ነው። ደኑ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የወደቀ ነገር ከላይ አይታይም። ለዚህ ነው ያን ያህል ቀን የፈጀው።

ፉኝዶ ካምፑ አሁንም አለ። ያኔ እዚያ ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ በኋላ ኬንያ ገብተው፣ ከዚያ አሜሪካ መጡ። እዚህ ሚኒሶታ አንዱ ጎረቤቴ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ስጠይቀው፣ «እንግዳ ይመጣል ተብለን ተሰልፈን ነበር፣ ሳይመጣ መሸ» ነው ያለኝ። ማን እንደነበር እንኳ አያውቅም።

እማሆይ ደጅ፦

ኦገስት 7 ቀን 1989 ስትሉ ቆጠርኩት። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ነው። ፍልሰታ የገባችበት ቀን። እኛ ጾም የያዝንበት ዕለት ለተራበ ሲሮጥ የነበረ ሰው ሄደ። ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። የነዚያ የሰባቱንም ወገኖቻችንን። የነሱ ስም ግን የትኛው መንገድ ላይ ተጻፈ?

የአትላስ ልጅ፦

እማማ ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው። ፓይለቶቹም አሉበት እኮ።

ጡረተኛው ባለታክሲ፦

እውነትዎን ነው እናቴ። እኔም አሁን ስጽፍ «ሰባት ኢትዮጵያውያን» ብዬ አለፍኳቸው። አፈርኩ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ለልጁ ይጠቅመዋል። ያ የረሃብ ኮሚቴ ከሚኪ በኋላ የኦሃዮው ቶኒ ሆል መራው። በ1993 ኮንግረሱ ወጪ ይቀነስ ብሎ ኮሚቴውን ሲዘጋው፣ ሆል ተቃውሞ 22 ቀን ምግብ ሳይበላ ውሃ ብቻ እየጠጣ ጾመ። የኛ ጾም አይደለም፤ ተቃውሞ ነው። ኮሚቴው አልተመለሰም፤ ግን በምትኩ የረሃብ ጉዳይ የሚይዝ ማዕከል ተቋቋመ፤ በሚኪ ሌላንድ ስም ወጣቶችን እያሠለጠነ ወደ ድሃ አገሮች ይልክ ነበር። ደግሞ ሌላ፣ የዚህ 18ኛ ዲስትሪክት ወንበር ነገር ይገርመኛል። ሚኪ በሥራ ላይ እያለ ሞተ። ሺላ ጃክሰን ሊ ለ29 ዓመት ይዛው በ2024 በሥራ ላይ አረፈች። በዚያው ዓመት ምርጫ ወንበሩን ያሸነፈው የቀድሞው ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ በ2025 ሞተ። ታክሲ ተራ ላይ ያለን ሽማግሌዎች «ያ ወንበር ጠበል ያስፈልገዋል» እንባባላለን።

የሌሊት ሽፍት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁላችሁም። ሁሉንም ማታ በአማርኛ እያነበብኩ፣ ያልገባውን በእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ለልጄ ነገርኩት። «ገደል ይግቡ» ያሉትን አላለሰልስኩም፤ እሷን ነው የወደዳት። በፋርማሲው ልጀምር ብሎኛል፣ በር ለበር በሚዞርበት። ስለ ትዊን ኦተሩ ሥዕል እየሣለ ነው፤ ሥዕል አልተባለም፣ ግን ተዉኝ ብሏል። ሰባቱን ኢትዮጵያውያንም ስማቸውን ልፈልግ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ የጠየቀኝ ነገር ግን ስለ ኮንግረስም ስለ አውሮፕላንም አይደለም። «መንትዮቹ አባታቸውን አይተውት አያውቁም ማለት ነው?» አለ። አዎ አልኩት። እሱም ሲወለድ አባቱ አጠገባችን አልነበረም፤ ዲቪው ሲደርሰን ነው ያገኘው፣ አራት ዓመቱ ነበር። ሌላ ምንም አላለም። እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ።

አሁን አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ሽፍቴ ደርሷል። ጋሼ፣ አንድ ቀን ኤርፖርት ሰው ሊቀበሉ ወይ ሊሸኙ ከመጡ፣ ዊልቸር የሚገፉ ሀበሾች ካዩ ይጠይቁ። ቡና እኔ ነኝ የምጋብዘው።